አሺካጋ ዮሺማሳና የተሰነጠቀችው ጽዋ

አሺካጋ ዮሺማሳ በጃፓን አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1436 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ሾገን፣ ማለት በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገር የሚገዛ የጦር አለቃ ነበረ። በ1441 ግብዣ ተጠርቶ በሄደበት ቤት ተገደለ። በእርሱ ምትክ የተሾመው ታላቅ ልጁም በ1443 ሞተ። በዚህ ምክንያት ስምንት ዓመት ያልሞላው ዮሺማሳ ለአልጋው ታጨ፤ በ1449ም ሾገን ተባለ።

ስለ አገዛዙ የምንመሰክርለት መልካም ነገር ጥቂት ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ወንድሙን ከገዳም አስወጥቶ ወራሽ አደረገ፤ ወዲያው በ1465 ወንድ ልጅ ተወለደለት። ቀድሞም የተቃቃሩት መኳንንት በሁለት ወገን ተሰለፉ። ጦርነቱ ከ1467 እስከ 1477 ዘልቆ ኪዮቶን አመድ አደረጋት። እርሱ ግን ልቡ በሥዕል፣ በአትክልትና በሻይ ዕቃ ላይ ነበረ። ከእኛ ክፍል ግማሹ ለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረገለትም።

ይህ ሰው ከቻይና የመጣች አንዲት አረንጓዴ የሻይ ጽዋ ነበረችው። ግርጌዋ ቢሰነጠቅ አምሳያዋ እንዲላክለት ወደ ቻይና ሰደዳት ይባላል። ቻይናዎቹ የምትተካከላት ስላላገኙ ስንጥቁን በብረት ቆንጥጠው መለሱለት። ብረቶቹ አንበጣ ስለመሰሉ ጽዋይቱ በአንበጣ ስም ተጠራች። የጃፓን ባለሙያዎች ከዚህ የተሻለ ጥገና ሲፈልጉ ኪንትሱጊን አገኙ የሚሉ አሉ። እኛ ግን ይህን አምነን አንቀበልም፤ የጽዋይቱ ታሪክ ራሱ የተጻፈው በ1727 ዮሺማሳ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነውና።

ኪንትሱጊ በወርቅ መጋጠም ማለት ነው። ኡሩሺ ከሚባል ዛፍ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ከዱቄት ጋር ተለውሶ ሙጫ ይሆናል፤ ስብርባሪው በእርሱ ይጣበቃል። ፈሳሹ ጥሬውን ሲነካ ቆዳን ያሳክካል። የሚገርመው፣ የሚጠነክረው በፀሐይ ሳይሆን ሞቅ ባለና እርጥበት ባለበት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። በመጨረሻ በስንጥቁ ላይ ኡሩሺ በስሱ ተቀብቶ ሳይጠነክር የወርቅ ብናኝ ይነሰነስበታል። ስብራቱ አይደበቅም።

ዮሺማሳ በ1473 ሥልጣኑን ለልጁ ለቀቀ፤ በ1482ም ከኪዮቶ በስተምሥራቅ ካለው ተራራ ሥር መኖሪያ ማሠራት ጀመረ። ልጁ በ1489 ቀደመው፤ እርሱም በ1490 ሞተ። በግቢው ያለው ቤት የብር አዳራሽ ይባላል፤ ነገር ግን ብር ተለብጦበት አያውቅም። ጽዋይቱም ቶክዮ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጣለች። ወርቅ አልነካትም፤ የያዟት እነዚያው ብረቶች ናቸው።