አር-ራዚ፦ ኩፍኝን ከፈንጣጣ የለየው ሐኪም

በዚህ እትም የምናስታውሰው ሰው አቡ በክር ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ ነው። ካለፈ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም የሠራው ሥራ ዛሬም በኩፍኝ የተያዘ ልጅ ከተኛበት አልጋ አጠገብ ያደርሰናል።

አር-ራዚ የተወለደው በ251 ዓመተ ሂጅራ (865 እ.ኤ.አ) ገደማ፣ በዛሬዋ ቴህራን አቅራቢያ በነበረችው የረይ ከተማ ነው። ስሙም የመጣው ከዚችው ከተማ ነው። ወደ ሕክምና የገባው በልጅነቱ ሳይሆን ዕድሜው ከገፋ በኋላ እንደሆነ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይናገራሉ። ዘግይቶ ቢጀምርም በትጋቱ ብዙዎችን ቀደመ፤ በመጀመሪያ የረይን፣ ቀጥሎም የባግዳድን ሆስፒታል በኃላፊነት መራ።

አስተማሪነቱን በተመለከተ ኢብኑ አን-ነዲም በ10ኛው ክፍለ ዘመን መዝግቦ ያቆየልን ወግ አለ። አር-ራዚ ሲቀመጥ ተማሪዎቹ ከፊቱ በረድፍ ይቀመጣሉ፣ ከእነሱ ቀጥሎ የተማሪዎቹ ተማሪዎች፣ ከዚያም ሌሎች። በሽተኛ ሲመጣ ሕመሙን መጀመሪያ የሚናገረው ለመጨረሻው ረድፍ ነው። እነሱ ካላወቁት ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ሁሉም ሲያቅታቸው አር-ራዚ ራሱ ይናገራል። ይኸው ጸሐፊ ለድሆች የነበረውን ርኅራኄም ያነሳል። ያክማቸዋል፣ ያስታምማቸዋል፣ ገንዘብም ይሰጣቸዋል። ሐኪም ለማያገኙ ሰዎች ብሎ ራሱን የቻለ መጽሐፍ መጻፉም ለዚህ ምስክር ነው።

ለዛሬው ርእሳችን ዋናው ሥራው ግን ስለ ፈንጣጣና ስለ ኩፍኝ የጻፈው አነስተኛ ኪታብ ነው። በዚያ ዘመን ሁለቱም ትኩሳት ያመጣሉ፣ በሁለቱም ሰውነት ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ ስለዚህ በቀላሉ ይምታቱ ነበር። አር-ራዚ በሽተኞቹን ከአልጋቸው አጠገብ ሆኖ ተመለከተና ልዩነቱን ጻፈ። በፈንጣጣ የጀርባ ሕመም ይበረታል፤ በኩፍኝ ደግሞ ጭንቀት፣ እረፍት ማጣትና ማቅለሽለሽ ይበዛል አለ። ዓይን ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት በስተቀር ኩፍኝ ከፈንጣጣ ይበልጥ የሚያስፈራ እንደሆነም አስጠነቀቀ። ጽሑፉ ከጊዜ በኋላ ወደ ግሪክ፣ ወደ ላቲንና በ1848 እ.ኤ.አ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ።

ሁሉም የጻፈው ግን ትክክል አልነበረም። የበሽታውን መነሻ ያስረዳው በደም መፍላት ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑን አላስተዋለም። በዘመኑ አጉሊ መነጽር አልነበረምና አይፈረድበትም። እሱም ቢሆን የታላቁን የጋሌንን ሥራ እየመረመረ ጥርጣሬዎቹን በመጽሐፍ ያሰፈረ ሰው ነው። የታላላቆችን ቃል ማክበርና መመርመር አብረው እንደሚሄዱ ያሳየናል። በፍልስፍና ጽሑፎቹ ምክንያት ብርቱ ትችት ከሰነዘሩበት ሙስሊም ሊቃውንት ጋር የነበረው ክርክር የታወቀ ነው። እዚህ ያነሳነው ግን የሕክምና ሥራውን ነው።

እሱ ያላየውን ዛሬ እናውቃለን። ኩፍኝ በቫይረስ የሚመጣ፣ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ነው። በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። መከላከያ የሌላቸው 10 ሰዎች ከበሽተኛ ጋር ቢቀራረቡ እስከ 9 የሚሆኑት ይያዛሉ። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን መቅላት ይመጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽፍታው ከፊትና ከጆሮ ጀርባ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ሰውየው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከወጣ በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ ያስተላልፋል። በአንድ ዶርም ስድስትና ስምንት ሆነን ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ የታመመ ሰው ሲያጋጥመን ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ከሌሎች ይለይ፤ በተለይ ከሕፃናት፣ ከነፍሰ ጡርና አቅሙ ከደከመ ሰው። ሁለተኛ፣ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ከመሄዱ በፊት ቢነገራቸው ሌሎች በሽተኞች እንዳይያዙ ይጠነቀቃሉ። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው የሳንባ ምች ወይም የጆሮ ኢንፌክሽን የመሰለ ተጨማሪ ሕመም ሲመጣ ብቻ ነው። በኩፍኝ ለተያዘ ልጅ ግን ቫይታሚን ኤ በሁለት ተከታታይ ቀናት ይሰጠዋል፤ ይህም ዓይነ ስውርነትንና ሞትን ይቀንሳል። መጠኑን የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው።

ቤት ውስጥ ፈሳሽ በብዛት ይጠጣ፤ የሚጠባ ሕፃን ከጡት አይለይ፤ ምግብም አይከልከል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በዕድሜውና በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል፤ አስፕሪን ግን ለልጅ አይሰጥም። አር-ራዚ ለበሽተኛ የገብስ ውሃና የሮማን ጭማቂ ያዝዝ ነበር፤ ፈሳሽ መስጠቱ ዛሬም ትክክል ነው። ለዓይን ግን እሱ ያዘዘውን የጽጌረዳ ውሃ ትተን በንጹሕ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከፈዘዘ ወይም የዓይኑ ብሌን ከደፈረሰ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ።

በአንዳንድ ቤት ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መርፌ አይወጋም፣ ከቤትም አይወጣም ይባላል። ብዙ እናቶች ይህን የሚያደርጉት ለልጃቸው ሳስተው ነው፤ ስለዚህ ለእረፍት ወደ ቤተሰብ ስትመለሱ በቁጣ ሳይሆን በአክብሮት አስረዷቸው። ቤት ውስጥ እየጠበቁ የሚያልፈው ጊዜ ሳንባ ምች የሚጠናበት ጊዜ ነውና።

ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ መከላከል ነው። የኩፍኝ ክትባት ከ1963 እ.ኤ.አ ጀምሮ አለ። በአገራችን ለሕፃናት በ9ኛውና በ15ኛው ወር ይሰጣል። ታናናሾቻችሁ ሁለቱንም መውሰዳቸውን ጠይቁ፤ የራሳችሁንም እናቶቻችሁን ጠይቁ። አር-ራዚ ከኩፍኝ ጎን ለጎን የጻፈለት ፈንጣጣ በክትባት ከዓለም ጠፍቷል፤ መጥፋቱም በ1980 እ.ኤ.አ ታውጇል። ኩፍኝ ግን ዛሬም ልጆችን ይገድላል።

አር-ራዚ በመጨረሻ ዘመኑ የዓይኑን ብርሃን አጣ። የበሽተኞችን ዓይን ጠብቁ እያለ ያስተማረው ሰው ጨለማ ውስጥ ሆኖ በ313 ዓመተ ሂጅራ (925 እ.ኤ.አ) ገደማ በተወለደባት በረይ አረፈ። ከሞተ በኋላ ማስታወሻዎቹ ተሰብስበው አል-ሓዊ የተባለው ታላቅ የሕክምና ሥራ ሆኑ። የሕክምናና የጤና ተማሪዎች የሆናችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ አር-ራዚ የተወልን ትልቁ ትምህርት በሽተኛውን ቀርቦ ማየትና ያዩትን በጥንቃቄ መጻፍ ነው። ሌሎቻችን ደግሞ ዶርም ውስጥ ትኩሳትና ሽፍታ የያዘው ጓደኛ ስናይ ዝም ብለን እንዳናልፍ። አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን፤ አሚን።