የጅማ ቡና ዝናብና ስዊድናዊው ሮስቢ

የጅማ፣ የአጋሮና የሊሙ ገበሬ በየካቲትና በመጋቢት ዐይኑ ከሰማይ አይነቀልም። ከበጋው ድርቀት በኋላ ዝናብ ካልነካው ቡናው አያብብማ! የዚህን ዝናብ አመጣጥ ለመረዳት መንገድ ከጠረጉት አንዱ ግን ቡና የማይበቅልበት አገር ልጅ ነው፤ ካርል-ጉስታፍ ሮስቢ።

ሮስቢ እ.ኤ.አ. በ1898 በስቶክሆልም ተወለደ። በኖርዌይዋ በርገን ከቪልሄልም ብየርክነስ ዘንድ ተማረ። በ1926 አሜሪካ ገባ። በዓመቱ ለአብራሪው ሊንድበርግ ያለ ፈቃድ ትንበያ ሰጠ ተብሎ ከመንግሥት የአየር ትንበያ ቢሮ ጋር ተቆራረጠ።

በ1939 ባወጣው ጥናት፣ በከፍታ ላይ የሚነፍሰው የምዕራብ ነፋስ እንደ ወንዝ የሚጠማዘዘው ምድር በመሽከርከሯ መሆኑን በሒሳብ አሳየ። ወደ ሰሜን የገፋ አየር ሽክርክሪቱ ተለውጦ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ ከዚያም ይመለሳል። ከደቡባዊው እጥፋት በስተምሥራቅ አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ወጀብ የሚጠነክረውም እዚያ ነው። እጥፋቱ ረዝሞ ወደ እኛ ሲዘልቅ ደግሞ የበልጉን ዝናብ ያግዛል።

በዚያው በ1939 ያ የተቆራረጠው ቢሮ የምርምር ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ሮስቢ በ1957 በ58 ዓመቱ ዐረፈ።

ሕግ የተማርኩ ነኝና ደንብ ይከበር ባይ ነኝ። ሆኖም ፊቱን ያዞረበትን ባለሙያ መልሶ የጠራ መሥሪያ ቤት አተረፈ እንጂ አልከሰረም። የእኛዎቹስ?