የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መሥራች ዊሊያም ባርተን ሮጀርስ

ዛሬ በዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት የሳይንስና የምህንድስና ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው የአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ የአንድ የሥነ ምድር ተመራማሪ የረጅም ዓመታት ጥረት ውጤት ነው።

ዊሊያም ባርተን ሮጀርስ እ.ኤ.አ በ1804 በፊላደልፊያ ከተማ ተወለዱ። ከአየርላንድ የፈለሱት አባታቸው ሐኪምና መምህር ሲሆኑ፣ አራቱም ወንዶች ልጆቻቸው የሳይንስ ሰዎች ሆነዋል። ሮጀርስ በ1828 አባታቸው ሲያርፉ የመምህርነት ወንበራቸውን ተረከቡ፤ ከ1835 ጀምሮም በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በቨርጂኒያ ሳሉ በባርነት የተያዙ ሰዎች በቤታቸው ያገለግሉ እንደነበር በ2018 ይፋ የሆነው የተቋሙ ጥናት አመልክቷል። ይህም በዝምታ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም።

በዚያ ዘመን በአብዛኞቹ ኮሌጆች ትምህርት ማለት በዋናነት ላቲንና ግሪክኛን ማጥናት፣ መምህሩ ሲያስረዳም ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነበር። ሮጀርስ ግን መሣሪያ የሚሠራው ሰው ከሥራው በስተጀርባ ያለውን የተፈጥሮ ሕግ ማወቅ፣ ተማሪውም በገዛ እጁ መለካትና መሞከር አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ይህንኑ እቅድ በ1846 ለወንድማቸው ለሄንሪ በጻፉት ደብዳቤ ዘርዝረውታል። በ1853 ወደ ባለቤታቸው አገር ወደ ቦስተን ተዛውረው የከተማይቱን ባለሀብቶችና የምክር ቤት አባላት ማግባባት ያዙ።

የተቋሙ መመሥረቻ ሕግ ኤፕሪል 10 ቀን 1861 ተፈረመ። ከሁለት ቀን በኋላ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። ሕጉ በአንድ ዓመት ውስጥ 100 ሺህ ዶላር እንዲሰበሰብ ያስገድድ ስለነበር፣ ሰውና ገንዘብ ወደ ጦር ግንባር በሚጎርፍበት በዚያ ወቅት ሐሳቡ ከወረቀት እንዳይዘል አሰጋ። ሮጀርስ ግን የጊዜ ገደቡን አስራዘሙ፤ የፌዴራሉ መንግሥት በ1862 ለትምህርት ከመደበው የመሬት ሽያጭ ገቢም ድርሻ አገኙ። ጦርነቱ ሳያበቃ፣ በፌብሩዋሪ 1865፣ በኪራይ ክፍሎች ውስጥ 15 ተማሪዎችን ይዘው ትምህርት ጀመሩ።

በ1868 ሕመም ጣላቸውና በ1870 ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። በዚሁ ጊዜ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተቋሙን ከራሱ ጋር ለማዋሐድ ቢጠይቅም፣ ሮጀርስ አጥብቀው ተቃወሙ። በ1873 የደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ ተቋሙን ክፉኛ ስላዳከመው፣ በ1878 በ73 ዓመታቸው ወደ ፕሬዚዳንትነቱ ተመለሱ። በ1881 ሥራውን ለፍራንሲስ ዎከር አስረከቡ።

ሜይ 30 ቀን 1882 በተቋሙ የምረቃ በዓል ላይ ንግግር እያደረጉ ሳሉ፣ ስለ ድንጋይ ከሰል ማውሳት እንደጀመሩ በመድረኩ ላይ ወድቀው በ77 ዓመታቸው አረፉ።