ሰውን በቀዳዳ የቆጠረው ኸርማን ሆለሪት

ኸርማን ሆለሪት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1860 በአሜሪካ አገር በቡፋሎ ከተማ ተወለደ። ይህ ቀን እንደ እኛ ጳጉሜን 6 በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ነው። ሕዝብን በዕድሜው፣ በሥራውና በትውልድ አገሩ እየለየ የሚቆጥር መሣሪያ የሠራው ሰው፣ የራሱ ልደት በየዓመቱ የማይገኝ መሆኑ ያስገርማል።

ወላጆቹ ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። አባቱ መምህር ሲሆኑ ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ስለሞቱ እናቱ አሳደጉት። በትምህርት ቤት ቃላትን ሳያሳስት መጻፍ እጅግ ያስቸግረው ስለነበር ከአስተማሪው ጋር ሊስማማ አልቻለም፤ እናቱም አስወጥተው በግል አስተማሩት። ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ አጻጻፍ የተቸገሩባችሁ ወላጆች ይህን ልብ በሉልኝ። ያ ልጅ በ19 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1879፣ በኒው ዮርክ ከኮሎምቢያ የማዕድን ትምህርት ቤት በመሐንዲስነት ተመረቀ።

ወዲያው በዋሽንግተን በሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። የ1880 ቆጠራ በዚያን ጊዜ መካሄዱ ነበር። ጸሐፊዎች ከቤት ቤት የተሰበሰበውን መዝገብ እያገላበጡ በእጃቸው ጭረት እያሰመሩ ይቆጥሩ ስለነበር ሥራው ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ። በአሜሪካ ሕግ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረጋል፤ ሕዝቡም በስደተኞች ምክንያት በፍጥነት ይጨምር ነበር። እንዲህ ከቀጠለ አንዱ ቆጠራ ሳያልቅ ሌላው ሊደርስ ነው። በመሥሪያ ቤቱ የነበሩት ሐኪም ጆን ሾው ቢሊንግስ ይህን ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ቢኖር ጥሩ ነው የሚል ሐሳብ ለወጣቱ ሰጡት።

ሆለሪት በመጀመሪያ ቀዳዳ የተበሳበት ረጅም የወረቀት ጥቅልል ሞከረ። ግን ከጥቅልሉ መካከል የአንድን ሰው መረጃ መፈለግ አድካሚ ሆነበት። መፍትሔውን ያገኘው በባቡር ሲጓዝ ነው። ትኬት ተቆጣጣሪው ትኬቱ በሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ የተሳፋሪውን ጠጉር፣ ዓይንና አፍንጫ ዓይነት በትኬቱ ጠርዝ ላይ እየበሳ ምልክት ያደርግ ነበር። ሆለሪትም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ለማዘጋጀት ወሰነ። አንዱ ቀዳዳ ወንድ፣ ሌላው ሴት፤ አንዱ ያገባ፣ ሌላው ያላገባ ይሆናል። ካርዱ መሣሪያው ውስጥ ሲገባ ብዙ መርፌዎች ይወርዱበታል። ቀዳዳ ያገኘ መርፌ አልፎ ከሥር ያለውን ባዜቃ (ሜርኩሪ) ሲነካ ኤሌክትሪክ ይተላለፋል፤ የሰዓት ፊት የሚመስለው መቁጠሪያም አንድ ቁጥር ወደፊት ይሄዳል። ቀዳዳ የሌለበት ላይ መርፌው ይቆማል፤ ምንም አይቆጠርም።

እ.ኤ.አ. በ1889 የቆጠራው መሥሪያ ቤት ሦስት ዘዴዎችን አወዳደረ። የተዘጋጀውን መረጃ ለመደመር የሆለሪት መሣሪያ አምስት ሰዓት ተኩል ሲወስድ፣ የተከተለው ተወዳዳሪ 44 ሰዓት ተኩል ፈጀ። በ1890 ወደ 63 ሚሊዮን የሚጠጋው የአሜሪካ ሕዝብ በእርሱ መሣሪያ ተቆጠረ።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚጠቅመውን ላንሳ። በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ዓይነት ወረቀት ነበር። የመጀመሪያው ቆጣሪው ቤተሰቡን ጠይቆ የሚሞላው መዝገብ ነው። ሁለተኛው ጸሐፊው ከመዝገቡ እያየ የሚበሳው ካርድ ነው። ሦስተኛው መሣሪያው ቆጥሮ ሲጨርስ የሚወጣው የውጤት ሠንጠረዥ ነው። መሣሪያው የሚያየው ካርዱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ዛሬ ካርዱ ቀርቶ ጸሐፊዋ በኮምፒዩተር ትጽፋለች፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

በሮቫ ሔት ቤተሰቦች ወረቀታቸውን ይዘው ሲመጡ በብዛት የማየው ችግር የልደት ቀን ነው። አባቶቻችን ልደትን በዘመን ያስታውሱታል፤ በጣልያን ጊዜ፣ ከንጉሡ መውረድ በፊት፣ በመከር ወራት ይላሉ። ቶፌሱ (ቅጹ) ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ይፈልጋል፤ ወሮቹም አሥራ ሁለት ናቸው፤ ለጳጉሜን ቦታ የለውም። በጳጉሜን የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር መጀመሪያ አካባቢ መመዝገብ አለበት። ዓመቱንም ስንለውጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ለተወለደ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ ስምንት ዓመት እንጨምራለን። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የተሳሳተ ዓመት ከሰፈረ ልጁ የሚገባበት ክፍል፣ የሽማግሌው የጡረታ ጊዜ ሁሉ ይዛባል። በኋላ ዕድሜን ለማረም ደግሞ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ይመጣል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጸሐፊዋ የጻፈችውን እንድታነብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም አይቆጣችሁም፤ ቢቆጣም መጠየቃችሁ መብታችሁ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዘመን ብዙ ወገኖቻችን ቤታቸውን ዘግተው በእግራቸው ወደ ሱዳን በመጓዝ ላይ ነበሩ። በየትኛው ወረቀት ላይ እንደተቆጠሩ፣ ወይም ጭራሽ እንዳልተቆጠሩ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ታሪክ አለው።

ሆለሪት እ.ኤ.አ. በ1896 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በ1897 የሩስያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት መላ ግዛቱን ሲቆጥር በእርሱ መሣሪያ ተጠቀመ። በዚያ ቆጠራ ከአምስት ሚሊዮን በላይ አይሁዳውያን በሩስያ ግዛት ውስጥ መኖራቸው ታወቀ። ሰውየው ግን ግትርና ቁጡ ስለነበር መሣሪያዎቹን ያከራይ ነበር እንጂ አይሸጥም ነበር፤ በኪራዩም ምክንያት ከአሜሪካ የቆጠራ መሥሪያ ቤት ጋር ተጣላ። በ1911 ኩባንያውን ሸጦ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ፤ ፊቱንም ወደ እርሻና ወደ ከብት እርባታ መለሰ። የሸጠው ኩባንያ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ በ1924 አይ.ቢ.ኤም. ተባለ። ሆለሪት ኖቬምበር 17 ቀን 1929 በልብ ሕመም በዋሽንግተን አረፈ።

ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ የናዚ መንግሥት የጀርመንን ሕዝብ ሲቆጥር እያንዳንዱ ሰው ከአራት አያቶቹ ስንቶቹ አይሁዳውያን እንደሆኑ የሚሞላበት የተለየ ወረቀት አብሮ ታደለ። ቆጠራውም በሆለሪት መሣሪያዎች ተሠራ። እርሱ ይህን አላየም። መሣሪያው ስለ አያት የተሞላውንም ስለ እርሻ የተሞላውንም በአንድ ዓይነት መርፌ ያነባል።

የ1890 የአሜሪካ ቆጠራ መዝገቦች፣ ቆጣሪዎቹ ከቤት ቤት ዞረው የሞሏቸው የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳት አብዛኞቹ ተበላሹ፤ ከእሳት የተረፉትም አብዛኞቹ በኋላ እንዲወገዱ ተደረገ። ድምሩ ዛሬም በመጽሐፍ ታትሞ ይገኛል። በዚያ ዓመት አያቱ የት ይኖሩ እንደነበር የሚፈልግ አሜሪካዊ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን አያገኝም።