ከስድሳ ዓመት በኋላ፦ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ የእርጅና ዘመን

በከፋ ዞን የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ገበሬ ጡረታ የሚወጣበት ቀን የለውም። ጉልበቱ ሲደክም ሞፈርና ቀንበሩን ለልጁ ያስረክባል፤ ራሱ ግን ከቡናውና ከእንሰቱ ጓሮ አይጠፋም። በቦንጋ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግለው ደግሞ 60 ዓመት ሲሞላው ደብዳቤ ይጻፍለትና ጠረጴዛውን ለሌላ ይለቃል። ዕድሜ ልኩን በሙዚቃ የኖረ ሰው ከሁለቱ ወደ የትኛው ይጠጋል? የጌታቸው መኩሪያ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምስክር ነው። እኚህ ሰው እንደ መንግሥት ሠራተኛ በደመወዝ አገልግለዋል፤ ያረጁት ግን እንደ ገበሬው ነው።

ጌታቸው የተወለዱት መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በሸዋ፣ ይፋት ነው። ዓመት ሳይሞላቸው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን ወረረ። የሸዋ አርበኞች በየጫካው የሚፋለሙበት፣ ሽለላና ቀረርቶ ለሠርግና ለዓውደ ዓመት ማድመቂያ ሳይሆን ለጦርነት ወኔ መቀስቀሻ የሚሰማበት ዘመን ነበር። ልጁ በመጀመሪያ የያዙት ክራርና መሰንቆ ነው። ክላርኔትና ሳክስፎን የመጡት በኋላ፣ በአዲስ አበባ ነው።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ባንድ ተቀጠሩ። የዚያን ዘመን ሙዚቀኛ ኑሮ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የማዘጋጃ ቤቱ፣ የክቡር ዘበኛው፣ የፖሊስ ሠራዊቱና የቴአትር ቤቱ ባንዶች ሁሉ የመንግሥት ነበሩ። የሸክላ ኅትመትም ቢሆን ለረጅም ጊዜ በሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ እንዲሠራ የተፈቀደ ነበር። ስለዚህ ሙዚቀኛ መሆን ማለት ሰዓት አክብሮ የሚገባ፣ ዩኒፎርም የሚለብስና በአለቃ የሚታዘዝ ሠራተኛ መሆን ማለት ነበር። ጌታቸውም በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ወደምንለው ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ተዛወሩ፤ አሥር ዓመት ገደማ ቆይተው ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራን ተቀላቀሉ።

ስማቸውን ያስጠራው ግን ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ብቻ አልነበረም። ሽለላ በሰው አንደበት የሚደረደር የጀግና ድምፅ ነው፤ ሸላዩ ይንጎራደዳል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይወረውራል፣ እንደገና ዝቅ ያደርጋል። ጌታቸው ይህን ሁሉ ወደ ሳክስፎን አስገቡት። ግጥም የለም፣ ቃልም የለም፤ ነገር ግን የገጠር ጆሮ ያለው አድማጭ ፉከራው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ሳይነገረው ያውቀዋል። መድረክ ላይ ሲወጡም እንደ ጥንቱ አርበኛ ቆዳ ለብሰው፣ የአንበሳ ጎፈር ራሳቸው ላይ ደፍተው ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ የውጭ አገር ሐያስያን ይህን አጨዋወት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተነሣው ነጻ ጃዝ ጋር አነጻጽረውታል። ንጽጽሩ አክብሮት ቢሆንም ምንጩን ያስታል፤ ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን መጫወት የጀመሩት የአሜሪካኖቹ ነጻ ጃዝ ከመወለዱ በፊት ነው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ የሳክስፎን ንጉሥ የሚል ማዕረግ በርዕሱ የያዘው ሸክላቸው ታተመ። ብዙም ሳይቆይ የ1966ቱ አብዮት መጣ። የሰዓት እላፊ ዐዋጁ የአዲስ አበባን የምሽት ሙዚቃ ለዓመታት አፈነው። ከታወቁት ድምፃውያንና ሙዚቀኞች አንዳንዶቹ ተሰደዱ፤ የቀሩት በየመሥሪያ ቤቱና በየሆቴሉ መጫወት ቀጠሉ። ጌታቸው ከቀሩት ናቸው።

በ1987 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞላቸው። ለትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች ይህ ዕድሜ ቀላል አይደለም። ክራር የሚመታ ሰው ጣቱ እስካልደነዘዘ ድረስ ተቀምጦ መጫወት ይችላል። ሳክስፎን ግን ሳንባ ይፈልጋል፣ የከንፈር ጡንቻ ይፈልጋል፣ አፉን የሚደግፍ ጥርስ ይፈልጋል፤ ከአንገት የሚንጠለጠለው የብረቱ ክብደትም አለ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ ያን ሁሉ የነሐስ ድምፅ የሚያስነሣው ከሸምበቆ የተላጠች አንዲት ስስ ቁራጭ መሆኗ ነው። ዋሽንት ከሚሠራበት የሸምበቆ ወገን ማለት ነው። ሸምበቆዋ ስትደክም በሌላ ትለወጣለች፤ የነፊው ሳንባ ግን አይለወጥም። በዚያ ላይ የኑሮው ጉዳይ ነበር። በየሆቴሉ በምሽት ክፍያ ለሚሠራ ሙዚቀኛ የጡረታ መዋጮ የሚከፍልለት አልነበረም፤ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ የደነገገው ዐዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እጅግ ብዙ የእሳቸው ዘመን ባለሙያዎች ያረጁት ስማቸው ብቻ ሲቀር ነው።

ነገሩን የለወጠው አሮጌው ሸክላ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮጵያን የቀድሞ ሙዚቃ እያሰባሰበ በሚያሳትመው ኤትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሥራ፣ 14ኛው ቅጽ ለጌታቸው ተሰጠ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2003 ነበር፤ እሳቸው ወደ 70 እየተጠጉ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ከቦስተን የመጣው አይዘር ኦርኬስትራ የተባለ ባንድ አዲስ አበባ ላይ ባቀረበው ኮንሰርት አብረው ተጫወቱ። በዚያው እ.ኤ.አ. 2004 ደግሞ ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ የሮክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ወደ አምስተርዳም ጠራቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለብዙ ሽማግሌ የማይሆን ነው። ወጣቶች አዛውንቱን ለክብር ጋብዘው፣ አጨብጭበው፣ ሸኝተው ነገሩ በዚያ ማብቃት ይችል ነበር። ጌታቸው ግን ባንዱን እንዲያጅባቸው ራሳቸው ጠየቁት። የሆላንዶቹ ጊታር ጩኸት የሚበዛበት፣ ከበሮአቸው የሚያንባርቅ፣ ለአዲስ አበባ የሆቴል አዳራሽ ፈጽሞ የማይመች ነበር። ለሽለላ ግን ተስማማ፤ ሽለላም ቢሆን ቀድሞ ለስላሳ ነገር አልነበረምና። ሞዓ አንበሳ የተሰኘው የጋራ አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ።

የከፋ የቡና ገበሬ ይህን ከራሱ ሥራ ያውቀዋል። ያረጀ ቡና ተነቅሎ አይጣልም፤ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይጎነደላል። ገበሬው ሁለት ሦስት ዓመት ያለ ምርት ይታገሣል፤ ከዚያ አዲሱ ቡቃያ ፍሬ ይሰጣል። ቡቃያውን የሚመግበው ያው አሮጌው ሥር ነው። ጌታቸው በሰባዎቹ ዕድሜያቸው በአውሮፓ መድረኮች የተጫወቱት በወጣትነታቸው ያጠኑትን ነው፤ አዲስ የሆነው አጃቢውና አድማጩ ነው። በ2000 ዓ.ም. ክረምት፣ በ73 ዓመታቸው፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሊንከን ሴንተር የአደባባይ መድረክ ከዘ ኤክስ ጋር ተጫወቱ፤ በዚያው ምሽት ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴም በመድረኩ ነበሩ።

ነገር ግን ዕድሜ ዕድሜ ነው። ጤናቸው እየደከመ ሲሄድ፣ አንድ አልበም ደግሞ ለመሥራት ፍላጎቱን ያሳዩት ራሳቸው ናቸው፤ የመጨረሻቸው ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ነበር። እዚህ ላይ ከቢሮ ጡረተኛው ይለያሉ። የሥራቸው ማብቂያ በደብዳቤ አልተነገራቸውም፤ ሲመጣ አይተው፣ ጉልበት ሳለ ሊሠሩት የሚፈልጉትን መርጠው፣ ባልደረቦቻቸውን ጠርተው ሠሩት። የአንበሳው ትዝታ የተባለው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በ77 ዓመታቸው ታተመ።

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። ክራሩን ትተው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ከገቡ ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።