ዘግይቶ የሰማ ጆሮ፤ ከአፄ ሱስንዮስ ሕይወት የምንማረው



የአፄ ሱስንዮስ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ስለ ምላሳቸው መታሰር ከአባቶች የሰማነውን ትረካ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ስለ ምላሳቸው ሳይሆን ስለ ጆሯቸው ልንነጋገር ወደናል። ተግሣጽን መናቅና መቀበል ምን እንደሚያስከትል በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሁለቱንም እናገኛለንና። (ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ሱስንዮስ ከአፄ ልብነ ድንግል ዘር የተወለዱ ናቸው። በልጅነታቸው ተማርከው በኦሮሞዎች መካከል ቆይተዋል፤ ቋንቋቸውንና የጦር ስልታቸውንም ተምረዋል። ከብዙ ዓመት መንከራተት በኋላ በ1599 ዓ.ም. ጎል በተባለው ስፍራ አፄ ያዕቆብን ድል አድርገው ዙፋኑን አጸኑ። ደፋርና ትምህርት ወዳድ ንጉሥ ነበሩ።

በዚያ ዘመን ጴድሮ ፓኤዝ የተባለ ኢየሱሳዊ መምህር በአገራችን ነበር። ንጉሡ በዕውቀቱ ተማረኩ፤ ከአውሮፓ ነገሥታትም የጦር እርዳታ ተስፋ አደረጉ። ወደ ካቶሊክ እምነት ማዘንበላቸው ሲታወቅ ዝም ያላቸው አልነበረም። አቡነ ስምዖን አወገዙ፤ የገዛ ወንድማቸው የማነ ክርስቶስ ተቃወሙ፤ አማቻቸው ዮልዮስም ሸፈቱ። በ1609 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት አቡኑም ዮልዮስም ተገደሉ። ገሣጮቹ ሞቱ፤ ተግሣጹ ግን አልሞተም።

በ1614 ዓ.ም. ንጉሡ አዲሱን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በ1617 ዓ.ም. ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጡ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማው ፓፓ ለመታዘዝ ማሉ። ፓኤዝ በትዕግሥት የሄደበትን መንገድ ሜንዴዝ በትእዛዝ ሊጨርሱት ፈለጉ። ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፥ ካህናቱም ክህነትን እንደ ገና ይቀበሉ፥ አብያተ ክርስቲያናቱም እንደ አዲስ ይባረኩ፥ በዓላቱም በሮማ አቆጣጠር ይከበሩ ተባለ። ወላጆቹ በጥምቀታቸው ኖረው የሞቱበት ገበሬ ይህን ሲሰማ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም። በ1621 ዓ.ም. ገደማ ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሣች።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ይህ የሮብዓምን ታሪክ ያስታውሰናል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 12 እንደምናነበው፥ ሽማግሌዎቹ የሕዝቡን ቀንበር እንዲያቀልል መከሩት፤ እርሱ ግን ደስ የሚያሰኘውን የእኩዮቹን ምክር መረጠ። ዐሥሩ ነገድም ተለዩት። ጠቢቡም በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 29 ደጋግሞ እየተመከረ እምቢ ያለ ሰው ውድቀቱ ድንገተኛ እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። ከወዳጅ አፍ ያልሰማነው ቃል በኋላ ከባድ ዋጋ አስከፍሎ እንደሚመጣ ከዚህ እንረዳለን።

በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ከላስታዎች ጋር ታላቅ ጦርነት ሆነ። ንጉሡ አሸነፉ፤ ወደ 8,000 የሚሆን ሰውም ወደቀ። ልጃቸው ፋሲለደስና ሹማምንቱ የሬሳውን ክምር አሳይተው የወደቁት የባዕድ አገር ጠላቶች ሳይሆኑ ክርስቲያኖችና የገዛ ወገኖቻቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ያን ጊዜ ጆሯቸው ተከፈተ። ልብ እንበል፤ ተግሣጹን የተቀበሉት በተሸነፉበት ቀን አይደለም፥ ድል ካደረጉ በኋላ ነው እንጂ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ መንግሥቱንም ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዐርፈው በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ።

ኢየሱሳውያን ንጉሡ በእነርሱ እምነት እንደ ሞቱ ጽፈዋል። እንዲያ ቢሆን እንኳ ዐዋጁ የሚያስተምረን አይቀንስም። ልብ ገና ሲከራከር ሌላውን የሚጎዳውን እጅ መሰብሰብ ከባድ ነው፤ እሳቸው ግን አድርገውታል። ንጉሥ ዳዊት ነቢዩ ናታን በገሠጸው ጊዜ ወዲያው በደሉን አመነ። ሱስንዮስ ብዙ ዓመት ዘገዩ። ንስሐ በር አይዘጋበትም፤ ነገር ግን 8,000ዎቹ አልተነሡም።

ታዲያ የገሠጸን ሁሉ ትክክል ነውን? አይደለም። ሜንዴዝም አራሚ ነኝ ብለው ነበር የመጡት፤ ግን የሚያርሙትን ሕዝብ አላዳመጡም። ስለዚህ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ወንድማችንን አስቀድመን ለብቻው እንድንመክር አዝዞናል። በአደባባይ የሚያዋርድ ሰው ልብን ይዘጋል፤ በጓዳ የሚመክር ግን ወንድሙን ያተርፋል።

እኛ የጉለሌ ወጣቶች ዙፋን የለንም። ነገር ግን እናታችን ስለ ጓደኞቻችን ስትናገር፥ የንስሐ አባታችን ሲመክሩን፥ በመዝሙር ጥናት ታናሻችን ስሕተታችንን ሲያሳየን፥ መልስ ከመስጠታችን በፊት የተባለው እውነት መሆኑን እንመርምር። ተናጋሪው ታናሽ በመሆኑ ቃሉ ታናሽ አይሆንም። ዛሬ በአንድ ይቅርታ የሚያልቀው ነገር ነገ ወዳጅን፥ ትዳርን ወይም ማኅበርን ሊያስከፍል ይችላል።

አምላካችን በጊዜው የሚሰማ ጆሮ፥ በፍቅርም የሚመክር አንደበት ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።