አርተር ራምቦ፤ ከኤደን የቡና መጋዘን እስከ ሐረር

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በአገራችን የሚታወሰው ሐረር በሚገኘውና በስሙ በሚጠራው ቤት ነው። በወጣትነቱ ቅኔን ከተወ በኋላ የኖረው ግን የሠራተኛና የነጋዴ ሕይወት ነበር። ይህን የሕይወቱን ክፍል የሥራ ቦታ አደጋን አስቀድሞ ከማጥናት አንጻር መመልከት ዛሬም ያስተምራል።

ራምቦ በሻርልቪል ከተማ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1854 ተወለደ። በ1878 መገባደጃ በቆጵሮስ የድንጋይ ካባ የሠራተኞች ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። በሥፍራው በሽታ በርትቶ ከአውሮፓውያኑ ጥቂቶቹ ሞቱ፤ እርሱም በ1879 ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በኦገስት 1880 የየመን ወደብ ወደሆነችው ኤደን ደረሰ። የባርዴ የንግድ ቤትም ቡና የሚለቅሙና የሚያሽጉ ሠራተኞችን እንዲቆጣጠር ቀጠረው። ከተማዋ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተሠራች ስትሆን ሙቀቷ ከባድ፣ የመጠጥ ውኃዋም አነስተኛ ነበር። የዛሬ የሥራ ደኅንነት ባለሙያ ወደ እንዲህ ያለ መጋዘን ቢገባ አስቀድሞ የሚመረምረው ሠራተኛው በሙቀቱ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ውኃና ጥላ ከየት እንደሚያገኝ፣ አቧራው የት እንደሚበረታ ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የንግድ ቤቱ ወኪል ሆኖ ሐረር ገባ። በ1885 ደግሞ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለማቅረብ ላባቱ ከተባለ ነጋዴ ጋር ተዋዋለ። ሆኖም ቅፍለቱ ከታጁራ ሳይነሣ ላባቱ ታመመ፤ በኋላም ሞተ። አብሮት ሊጓዝ የታሰበው ሶሌዬም በኤደን ሕይወቱ አለፈ። ራምቦ ብቻውን ተጉዞ በ1887 አንኮበር ደረሰ።

በ1888 በኤደን ከነበረው ነጋዴ ከቲያን ጋር በመሻረክ በሐረር ንግድ ጀመረ። በ1891 መባቻ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። ከእናቱ ለደም ሥር ሕመም የሚጠለቅ ካልሲ እንዲላክለት ጠየቀ፤ አልጋውንም በመስኮት አጠገብ አኑሮ በግቢው ያለውን ሚዛን እየተመለከተ ሥራውን ቀጠለ። መራመድ ሲያቅተው በኤፕሪል ወር 16 ሸካሚዎች በቃሬዛ ተሸክመው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ዘይላ ወሰዱት። ከዚያ በኤደን ሆስፒታል አልፎ ማርሴይ ደረሰ። ሜይ 27 ቀን እግሩ ተቆረጠ፤ ኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ዐረፈ።

ሕመሙ ዕጢ ስለነበር ሥራው አመጣው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ከሥራ ቦታው እስከ ሐኪም ያለው ርቀት ሳምንታት ወስዶበታል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ግዴታው ጓንትና የራስ ቆብ በመግዛት ብቻ አይፈጸምም። ለፋብሪካ የደኅንነት አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ በቅድሚያ የሥራውን ቦታ ማየት፣ ሠራተኞቹን መጠየቅ፣ አንድ ሰው ቢታመም ወይም ቢጎዳ በስንት ሰዓት ሕክምና እንደሚያገኝ ማስላት ይኖርበታል። ለባለ ፋብሪካው የሚያስፈልገው አገልግሎት ተለይቶ የሚታወቀውም ከዚህ በኋላ ነው።